ደንቢያ ኩሬ የገባ ዓሣ ጣና እንደገባ ይቆጠር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። በጎንደር ዙሪያ፣ በደንቢያና በማክሰኚት በኩል የዓሣ ኩሬ ለማስቆፈር ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «የጣና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ኩሬ ውስጥ ሲገባ ዘሩ ይበዛል እንጂ አካሉ አያድግም። ጨው ውኃ እንኳ የማይበግረው የውጭ ቆሮሶ አለ ይባላል፤ እሱን ብናስመጣስ?» ይላሉ። መልሳችን አታስመጡ ነው። ነገር ግን አታስመጡ ብሎ ዝም ማለት ኩሬ ለቆፈረ ሰው ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ያ ዓሣ ምን እንደሆነ፣ የራሳችን ቆሮሶስ ለምን እንደሚቀጭጭና እንዴት እንደሚያድግ አያይዘን እንጽፋለን።

የሚወራለት ዓሣ የሞዛምቢክ ቆሮሶ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ኦሬኦክሮሚስ ሞሳምቢከስ ይባላል። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1852 ከሞዛምቢክ ባገኘው ናሙና ገልጾ ስም አወጣለት። የትውልድ ውኃው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚወርዱት የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ወንዞች ናቸው፤ ከታችኛው ዛምቤዚና ከሺሬ ጀምሮ በሊምፖፖ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ድረስ ይገኛል። በእነዚህ ወንዞች አፍ ላይ ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ ይቀላቀላል፤ ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ባሕሩን ይገፋል፣ ዝናብ ሲጠፋ ባሕሩ ወደ ወንዙ ይገባል። በዚህ ሁኔታ የኖረ ዓሣ ጨው መቻሉ የሚገርም አይሆንም። የባሕር ውኃን ያህል በጨወየ ውኃ ውስጥ እንኳ እንቁላል ጥሎ ይራባል።

የባሕር ዳርቻ ላለው አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ደንቢያ ላይ ግን ጨው የለም። እኛን የሚፈትነን ብርድ ነው፤ የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፣ የጣና ዳርቻ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶ የሚባል ዘር ሁሉ ደኅና የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ሲወርድ መራባቱ ይቆማል፣ ምግቡንም ይቀንሳል፤ ከ16 በታች መብላቱን ሊተው ይችላል፤ ወደ 10 ሲቃረብ ይሞታል። የሞዛምቢኩ ቆሮሶ ከብርድ የሚያድነው የተለየ ጸጋ የለውም። «ጠንካራ ዓሣ ነው» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም፣ ጥንካሬው የኛን ችግር አይነካም።

ኩሬ ውስጥ የመቀጨጭ ነገር ደግሞ በሞዛምቢኩ ቆሮሶ ይብሳል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ናት፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የሚሞትባት ጥቂት ነው። ኩሬው ሲጨናነቅና ምግብ ሲያንስ ዓሣው ማደጉን ትቶ ቶሎ ይጎለምሳል፤ የሰው ጣት ያህል ርዝመት ላይ እያለ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ከጣና ቆሮሶ መቀጨጭ ሸሽቶ ወደዚህ ዓሣ መሄድ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው።

ይህን የሌሎች አገሮች ታሪክም ያሳያል። በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ደሴት ላይ ከዚህ ዓሣ ጥቂቶች ተገኙ፤ ከዚያ በብዙ የእስያ አገሮች ተሠራጩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሁለት ሰዎች ከሲንጋፖር ወደ ታይዋን ጫጩት ይዘው ገቡ፤ ዛሬም ታይዋናውያን ቆሮሶን በሁለቱ ሰዎች ስም ነው የሚጠሩት። በፓስፊክ ውቅያኖስ ናውሩ በምትባለው ትንሽ ደሴት ግን የሞዛምቢኩ ቆሮሶ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በኩሬ ያረባው የነበረውን የባሕር ዓሣ ተሻምቶ እርባታውን አበላሸው። ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ ነገር እንጨምር፤ በስሪላንካ የመስኖ ግድቦች ውስጥ ይኸው ዓሣ የብዙ ድኃ ቤተሰብ ምግብና ገቢ ሆኗል። እነዚያ ግድቦች ግን ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ከእሱ ጋር የሚፎካከር የሐይቅ ዓሣም እምብዛም አልነበረም። ጣና እንዲህ ያለ ውኃ አይደለም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሞዛምቢክ ቆሮሶን ከ100ዎቹ የዓለማችን ክፉ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ድቀላው ነው። የሞዛምቢኩ ቆሮሶና የጣናው ቆሮሶ የሚመደብበት የዓባይ ቆሮሶ ሲገናኙ ልጅ ይወልዳሉ፤ ልጆቹም መካን አይሆኑም፣ በተራቸው ይወልዳሉ። በሊምፖፖ ወንዝ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ እንግዳው የኛ ዘመድ የዓባይ ቆሮሶ ሲሆን ባለአገሩ የሞዛምቢኩ ነው። ለእርባታ የመጣው የዓባይ ቆሮሶ ወደ ወንዙ አምልጦ ከባለአገሩ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ የሞዛምቢክ ቆሮሶ በዓለም ዙሪያ ወራሪ ተብሎ እየተፈራ፣ በገዛ አገሩ ግን ንጹሕ ዘሩ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተመዝግቧል። በዚያ የተደረገው እዚህ ተገልብጦ እንዳይደገም ነው ጭንቀታችን።

የጣና ቆሮሶ እንደማንኛውም ሐይቅ ቆሮሶ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1992 ስዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሌላው የዓባይ ቆሮሶ የተለየ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ገልጸው በሐይቁ ስም «ጣና» ብለውታል። ጣና ውስጥ ከቆሮሶ ወገን ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ዘመናትን ሙሉ አጥር ሆኖ ኖሯል። ፏፏቴ ግን በፕላስቲክ ከረጢት በመኪና የሚመጣን ጫጩት አያግድም።

«እኔ ኩሬ ውስጥ እንጂ ሐይቅ ውስጥ አልጨምር» የሚል ሰው ካርታውን ይመልከት። ቀሃና አንገረብ መገጭን ይቀላቀላሉ፤ መገጭ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ድርማም እንዲሁ። የደንቢያ ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ በጎርፍ ይተኛል። ኩሬና ማሳ፣ ቦይና ወንዝ አንድ ውኃ ይሆናሉ። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ጓሮ ውስጥ ያለ ኩሬ እንኳ የሚፈስሰው ወደ ጣና ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ስንት ጉልበትና ስንት ገንዘብ እንደፈሰሰበት የዚህ አገር ሰው ያውቃል። እምቦጭ ቢያንስ ከላይ ይታያል፣ በእጅ ይታጨዳል። ደም ውስጥ የገባ ድቀላ ግን የሚነቀልበት መንገድ የለም።

አንዳንድ ሰው ቀዩን ቆሮሶ በሥዕል አይቶ ይወደዋል። ቀዩ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ታይዋን ውስጥ መልኳ ቀላ ብላ የተወለደች የሞዛምቢክ ቆሮሶ ከዓባይ ቆሮሶ ወንድ ጋር ተዳቅላ የተገኘ ዘር አለ፤ ገበያ ላይ የሚዞረው ቀይ ቆሮሶ በአብዛኛው የሞዛምቢክ ደም አለበት። ስለዚህ ቀይ ማስመጣት ሞዛምቢኩን በሌላ ልብስ ማስመጣት ነው።

ጫጩት የሚገዛ ሰው መለየት እንዲችል የጭራውን ክንፍ ይመልከት። የጣና ቆሮሶ ጭራ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ተከታትለው ይታያሉ። የሞዛምቢኩ ጭራ ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው መስመር የለም። ለመራባት የደረሰ የሞዛምቢክ ወንድ መላ አካሉ ይጠቁራል፣ ከአገጩ በታችና ጉሮሮው ነጭ ይሆናል፣ የጀርባውና የጭራው ክንፍ ጠርዝ ይቀላል፤ ሲያረጅ ከንፈሩ ይወፍርና ግንባሩ ጎድጎድ ይላል። ሴቶቹና ትንንሾቹ ብርማ ሆነው ጎናቸው ላይ ሦስት አራት ጥቁር ነጠብጣብ ይኖራቸዋል። ዲቃላውን በዓይን ለይቻለሁ የሚል ሰው አትመኑ፤ የጭራው መስመር ቆራረጥ ብሎ ወይም ደብዝዞ ሊታይ ይችላል፣ ጭራሹኑ የጣናውን ሊመስልም ይችላል። እርግጡን የሚናገረው የዘረመል ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጫጩት አይገዛ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳያውቅም ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ ዓሣ አይዘዋወር።

አሁን ወደ ኩሬው። የጣና ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ የሚቀጭጨው ዘሩ ደካማ ሆኖ አይደለም። ወንድና ሴት አንድ ላይ ስለሚገቡ ነው። ሐይቁ ውስጥ አዳኙ ብዙ፣ ቦታው ሰፊ ነው። ኩሬ ውስጥ ግን ሴቷ በአምስት በስድስት ወሯ ትጎለምሳለች፤ እንቁላል በአፏ በያዘች ቁጥር አትበላም፣ ስለዚህ አታድግም። ጫጩቶቹ ደግሞ የእናት አባታቸውን ምግብ ይሻማሉ። 400 ያስገባ ሰው ከስምንት ወር በኋላ እያንዳንዳቸው 30 ግራም የማይሞሉ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦች ያወጣል፤ ይህን ገበያው አይፈልገውም። ወንዱ ከሴቷ በእጅጉ ፈጥኖ ያድጋል። እንግዲህ ዘዴው ወንዱን ለይቶ ማሳደግ ነው፤ ይህንንም ያለምንም መድኃኒት በእጅ መሥራት ይቻላል።

ለ200 ካሬ ሜትር ማሳደጊያ ኩሬ (10 በ20 ሜትር) በአንድ ካሬ ሜትር 2 ዓሣ ሒሳብ 400 ወንዶች ያስፈልጋሉ። 400 ወንድ ለማግኘት 900 ገደማ ቅልቅል ጫጩት ይገዛ፤ ከ10 አንዱ ቢሞትና የቀሩት እኩል በእኩል ቢሆኑ 405 ወንድ ይወጣል። እነዚህ መጀመሪያ 45 ካሬ ሜትር በሆነ ትንሽ ኩሬ፣ በካሬ ሜትር 20 ሆነው፣ 30 ግራም እስኪደርሱ ሦስት ወር ያህል ይቆዩ። በዚህ ጊዜ ርዝመታቸው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለመለየት የሚመቸውም ይኸው መጠን ነው። ከዚያ ያነሰውን ለመለየት መሞከር ዓይንን ማድከም ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ቸኩሎ ነው።

አለያየቱ እንዲህ ነው። ዓሣውን በረጠበ እጅ ያዙ፤ ደረቅ እጅ የቆዳውን ልጋግ ያነሣና ለበሽታ ያጋልጠዋል። ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጨርቅ ጠረግ አድርጉና አንዲት ጠብታ ቀለም ንኩባት፤ ለቁስል የሚቀባው ወይን ጠጅ ቀለም ይበቃል። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጎልቶ ይታያል። ወንዱ ፊንጢጣውን ጨምሮ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ጉብታውም ሾል ያለ ነው። ሴቷ ሦስት አላት፤ ሰፋ ያለ ጉብታዋ መሐል ላይ አግድም የተሰነጠቀ መስመር ታያላችሁ፣ እንቁላሏ የሚወጣው በዚያ ነው። ይህን በጠዋት፣ ከመሞቁ በፊት፣ ዓሦቹ ከቀደመው ቀን ጀምሮ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ጥላ ሥር ሥሩ። የተለየውን ወዲያው ውኃ ውስጥ መልሱ። የለመደ ሰው እንኳ ከ10 አንዱን ሊስት ይችላል፤ የተጠራጠራችሁትን ከሴቶቹ ጋር አድርጉት። ሴቶቹን ብሉ፣ ሽጡ፣ ወይም ለሌላ ኩሬ ስጡ እንጂ ወንዝ ላይ አትልቀቁ።

ስቶ የገባው ጥቂት ሴት የሚያመጣውን ጫጩት ሁለት ነገር ይቆጣጠረዋል። አንደኛው ጠዋት ጠዋት የኩሬውን ዳር ማየት ነው። የተፈለፈሉት ተሰብስበው ዳር ዳሩን ሲዋኙ በአሮጌ አጎበር ይቀዳሉ። (አጎበሩ ለኩሬ ብቻ ነው። ሐይቁ ላይ መዘርጋቱ የጣናን ጫጩት ስለሚፈጅ እጅግ ጎጂ ነው።) ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቆሮሶው 60 ግራም ካለፈ በኋላ ለ10 ቆሮሶ 1 አምባዛ፣ ማለትም ለ400 ቆሮሶ 40 አምባዛ ማስገባት ይቻላል፤ የአምባዛው ርዝመት ግን ከቆሮሶው እጅግ ያነሰ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ቆሮሶውን ራሱን ይበላዋል። አምባዛ በዝናብ ቀን በረጠበ ሣር ላይ እየተሳበ ይወጣል፤ የኩሬውን ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው አጥር ወይም ሽቦ መከለል ግድ ነው።

ኩሬው የት ይቆፈር? ከጎርፍ መስመር በላይ። ይህን ያልተከተለ ሰው የቀረውን ሁሉ ቢያሟላ ዓሣውን ነሐሴ ይወስድበታል። አፈሩን ለመፈተን አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማታ በውኃ ሙሉት፣ ጠዋት የጎደለውን እንደገና ሙሉትና እስከ ማታ ከሸፈናችሁት በኋላ እዩ፤ አብዛኛው ካለ ቦታው ውኃ ይይዛል። የደንቢያ ዋልካ ውኃ በመያዝ የታወቀ ነው፤ ጣጣው ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ የኩሬው ግድብ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበ ይደቅደቅ፣ ከላዩ ሰርዶ ይተከልበት፣ ኩሬው ባዶውን በጋውን አይክረም። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አይቁም፤ ሥሩ ግድቡን ይበሳል፣ ጥላውም ውኃውን ያቀዘቅዛል። ጥልቀቱ ከአንዱ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ከመውጫው በኩል 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ ጎኑ በየአንድ ሜትር ከፍታው ሁለት ሜትር ወደ ውጭ ያዘነብል። ከውኃው ወለል በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ግድብ ይትረፍ። መግቢያውም መውጫውም ላይ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ይደረግ። ወንፊቱ የዱር ዓሣ እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን የኛም እንዳይወጣ ነው።

ውኃውን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ በአማካይ 1 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 200 ሜትር ኩብ ይይዛል። በደኅና አፈር ላይ እንኳ በትነትና በስርገት በቀን 1 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ይህ 2,000 ሊትር፣ ባለ20 ሊትር 100 ጀሪካን ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ በየቀኑ ይህን የሚተካ ምንጭ ወይም ቦይ ከሌለ ኩሬው ይነስ ወይም ይቅር።

ውኃው ከመግባቱ በፊት የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መጠን) ይለካ። ዋልካው ብዙ ጊዜ ኖራ አይሻም፤ ከፍ ያለው ቀይ አፈር ግን ኮምጣጣ ሊሆን ስለሚችል ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የእርሻ ኖራ ይበተንበታል። ከዚያ በየሳምንቱ ለ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ የደረቀ እበት ወይም ከ4 እስከ 5 ኪሎ የዶሮ ኩስ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ኩሬው ጥግ ይነከር። ኩሬው እስኪያረነጉድ ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠበቅና ዓሣው ይግባ። አረንጓዴው የቆሮሶ ዋና ምግብ ነው። መጠኑን በክንድ ለኩት፤ እጃችሁን ወደ ውኃው ስትሰዱ ውኃው ክርናችሁ ሲደርስ ጣታችሁ ከታየ ምግቡ ትንሽ ነው፣ ፍግ ይጨመር። ውኃው አንጓችሁን ሳያልፍ መዳፋችሁ ከጠፋ በዝቷል፣ ፍጉ ይቁም። ብዙ አርቢ ዓሣውን የሚያጣው በማብዛት ነው። አረንጓዴው ቀን ቀን አየር ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ አየር ይወስዳል፤ ክረምት ላይ ፀሐይ ለተከታታይ ቀናት ስትጠፋ የሚሰጠው ያንሳል፣ የሚወስደው ግን አይቀንስም። ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው ወለል አውጥተው ሲያጋፉ ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው፤ የፍጉን ከረጢት አውጡ፣ ምግብ አትስጡ፣ አዲስ ውኃ ከከፍታ እየተረጨ እንዲወርድ አድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ የፍጉን መጠን ከግማሽ በታች ማውረድ ይሻላል።

ተጨማሪ መኖ ከዚሁ ገበያ ይገኛል። የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉሩሽካ እኩል በእኩል ተፈጭቶ፣ በውኃ ተለውሶ፣ በሰፌድ መልክ በተሠራ መደብ ላይ ተደርጎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ይንጠልጠል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከአራት ሰዓት በኋላና ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት፣ ውኃው ሲሞቅ ይሰጥ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈ ካለ ለነገ ይቀነስ፤ የተረፈ መኖ ይበሰብስና አየር ይበላል። መጠኑ እንዲህ ይሰላል፤ 400 ዓሣ በ30 ግራም 12 ኪሎ ነው፣ የዚህ 5 በመቶ 600 ግራም በቀን ይሆናል። 100 ግራም ሲደርሱ ክብደታቸው 40 ኪሎ ነው፤ ያን ጊዜ 3 በመቶ፣ 1.2 ኪሎ ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ 30 ዓሣ ይዞ መመዘን ግድ ነው፤ ሳይመዝን የሚመግብ ሰው ወይ ያስርባል ወይ ያባክናል። ቴርሞ ሜትር በገመድ አስሮ ጠዋት ጠዋት ማየትም አይከብድም፤ ውኃው ከ18 ዲግሪ ሲወርድ መኖውን በግማሽ፣ ከ16 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ዓሣው ባያድግ አትደንግጡ፣ ያልበላውንም ለማስበላት አትሞክሩ።

የአትክልት መርጫ የነካው ውኃ ኩሬ አይግባ። ለሽንብራና ለሽንኩርት የሚረጨው ፀረ ተባይ ለሰው የማይታይ መጠን ሆኖ ዓሣ ይገድላል፤ መርጫውን ቦይ ውስጥ ማጠብ የጎረቤትን ኩሬ መጨረስ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ እኛ የምንመክረው ጫጩቱን መጋቢት ላይ ትንሹ ኩሬ ማስገባት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ መለየት፣ ወንዶቹን እስከ ዐቢይ ጾም ማሳደግ ነው። የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ከ400ው 360 ቢደርሱና አንዱ በአማካይ 200 ግራም ቢመዝን 72 ኪሎ ይወጣል። ለዚህ ከ150 እስከ 200 ኪሎ መኖ ይታሰብ። ደጋው ላይ፣ ጎንደር ከተማ አካባቢ፣ ይኸው ክብደት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ኩሬው ፀሐይ ጠገብ ቦታ ላይ፣ ከነፋስ የተከለለ ቢሆን ይረዳል። በጎርጎራ በኩል ያለው ዳርቻ ይሻላል፣ ጎርፉ ካልነካው።

ጫጩት ሲጓጓዝ ከረጢቱ ሲሶው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፤ ጉዞው በማለዳ ወይም በምሽት ይሁን። ሲደርስ ከረጢቱ ሳይፈታ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ የኩሬው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበትና ዓሣው ራሱ ዋኝቶ ይውጣ። ይህ ሳይደረግ በሙቀት ልዩነት የሞተው ዓሣ ብዙ ጊዜ «በሽታ ገደለው» ይባላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የውጭ ቆሮሶ ወይም ቀይ ዓሣ አስቀድሞ ኩሬው ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ይህ ሰው አይሸሸግ፤ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅ። ኩሬውን ግን ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አያፍስስ። መውጫውን በቀጭን ወንፊት ደራርቦ ይዝጋ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ዓሣውን በመረብ ጠርጎ ያውጣ፤ ዓሣው ይበላል፣ በሕይወት ግን ለማንም አይሰጥ። ውኃውን ዓሣ በማይኖርበት ማሳ ላይ በመስኖ ይጨርሰው። ብርብራ አይጠቀም፤ መርዙ በጎርፍ ወርዶ የወንዙን ዓሣ ይፈጃል። ከኩሬው ወለል ላይ የቀረችው ጥቂት ውኃ ውስጥ ያልበረደ (ውኃ ያልነካው) ኖራ ይጨመርባት፤ ቆሮሶ ጭቃ ውስጥ ባለች ጥቂት ውኃ ለብዙ ቀን ይቆያል፤ አፏን ሞልታ እንቁላል የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ብትተርፍም ያለ ወንድ ዘሩን እንደገና ትጀምራለች። ከዚያ ኩሬው መሬቱ እስኪሰነጠቅ ሦስት ሳምንት ደርቆ ይቆይ፤ ከጣና የመጣ ጫጩት ከዚያ በኋላ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
የዓሣ እርባታ ባለሙያዎች፣ ጎንደር